የባቄላው መዝገብ

ሐጂ ሲራጅ ይማም፣ የሞጣው ነጋዴ፣
ወሬ ሳይመዝኑ አይመዝኑም ስንዴ፤
ከሱብሂ መልስ ላይ ከመጋዘኑ ደጅ
ሬዲዮ ያቅፋሉ እንደ ታመመ ልጅ።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፣ መዝገብ የምይዘው፤
ዐረብኛ አላውቅም፣ ፊት ነው የማነበው፦
ግንባር ከቋጠሩ ድንበር ተዘጋ ነው፣
ጥርስ ብልጭ ካለ ኢሱዙ ጫኑ ነው።

በዚያ ዓመት ጥቅምት፣ ባቄላው ሳይወቃ፣
የካይሮ የካርቱም የፍቅር ጋን ነቃ።
አንዱ አምባሳደሩን «ና ቤትህ» ሲል ጠራ፣
ሌላው ወታደሩን አሸዋ ላይ ዘራ፤
«ብርቱካንህ መርዝ ነው»፣ «ሰሊጥህ ቆሻሻ»፣
ወንድም ለወንድሙ ነሳው መተንፈሻ።
ወዳንድ ቂብላ ሰግደው፣ ባንድ ቋንቋ ምለው፣
ካንድ ወንዝ ጠጥተው፣
ኬላ ላይ ተያዩ አፈሙዝ ደግነው።

ይህ ለሞጣ ምኗ? ብዬ ነበር እኔ፤
የካርቱም ቁርስ ፉል ነው፣ የት አውቄው ያኔ።
የግብፁ ባቄላ ኬላ ላይ ስለዋለ
የጮቄው ባቄላ ዋጋው ጮቄን አከለ።

የሐጂ ጥርስ ታየ።
ጎተራ አስገለበጡ፣ ከባንክ ተበደሩ፣
ጠጠር የሚለቅሙ አርባ ሴት ቀጠሩ።
የሰዴው ገበሬ ጣሪያውን ቀየረ፣
ባለሱቁ ሁሉ ዱቤ መስጠት ጀመረ፤
በሰው ጠብ ከተማው እንዲህ አማረበት፣
ሠርግ የበዛበት ዓመት ሆነ ያ ዓመት።
ሐጂ፣ ዓርብ መስጊድ ገብተው «አስታርቃቸው» ይላሉ፣
ቅዳሜ ገበያ መቶ ኩንታል ይጭናሉ፤
ምላስና ከረጢት
ለየብቻቸው ዱዓ ያደርጋሉ።
(እኔስ? ጉርሻዬ በኩንታል ሲቆጠር
ጊዮርጊስን ስሳለም ምን ብዬው ነበር?)

ከለቃሚዎቹ እማዋይሽ ነበረች፣
ሦስት ልጅ ቤት ጥላ በጧት እየመጣች።
«ማናቸው?» አለችኝ፣ ጠጠሩን ስትጥለው፣
«እነዚህ ልጆቼን ከሩቅ የሚያበሉት?»
«የተጣሉ ናቸው።»
«እግዜር ይስጣ...» አለች፤ ቀሪውን ዋጠችው።

ሚያዝያ ሲገባ እነዚያ ሹማምንት
ተቃቅፈው ታዩ በቴሌቪዥን መስኮት።
ሦስት ውል ፈረሙ፦
አንዱን ለአምባሳደር፣ አንደኛውን ለንግድ፣
ሦስተኛው ለፀጥታ፤ እሱን ጮክ ብሎ ያነበበ አንድ
ሰው እንኳ አልነበረም።

ኬላው ተከፈተ። ተሳቢያችን ዞሮ
ከመተማ ኬላ እንደጫነ መጣ፤
በሁለት ሺህ ኩንታል ነቀዝ እግር አወጣ።
በቀን ስድስት ጊዜ ይደውል የነበር፣
«ያ አኺ፣ ጨምርልኝ» ሲል የሚያስቸግር፣
የኦምዱርማኑ ሰው፣ ደላላው ባቢከር፣
ስልኩን አያነሳም።
«ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ይላል ተረተኛ፤
አላለቀም እኮ፣ ከበደን እንጂ የኛ።

የሐጂ ፊት ያን ቀን አልተቋጠረም፤ አልፈካም።
ማንበብ አቃተኝ።
«አባቴ» አሉ ድንገት፣ «ሰባራ ድልድይ ላይ
በገመድ ሲሻገር፣ ከአባይ በላይ፣
ጎታች ነበረው ሰው ከዚህም ከዚያም ዳር።
ሁለቱ ሲጣሉ
ነጋዴው ተንጠልጥሎ መሐል ላይ ያድር ነበር፤
ሁለቱ ሲፋቀሩም
ወሬ ይይዙና ገመዱን ይረሱት ነበር።»

«ኪሳራውን» አልኳቸው፣ «በምን ዓምድ ልጻፈው?»
«ዘካት በለው» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና፣ «ተው፤
ሳልወድ ያወጣሁት ዘካት አይባልም።
ባዶውን ተወው።»

እማዋይሽ የቀረ ደሞዟን በባቄላ ወሰደች፣
ነቀዝ እያራገፈች።
«ታረቁ?»
«ታረቁ።»
«እሰይ» አለች፣ ከልቧ፤
ያን የዋጠችውን ምርቃት ጨረሰችው።
በሩ ጋ ስትደርስ ግን፣ ከረጢቷን አዝላ፣
«ሌላ የተጣላ የለም?» አለችኝ ቀስ ብላ።